ሌሊት የሚታፈን የሆቴል ኔትዎርክ፦ ጥቃት የሚለይ መሣሪያ እንግዛ ወይስ ባለን ዕቃ እንከታተል?

ጥያቄው፦ «አዳማ ውስጥ 64 ክፍልና ሁለት የስብሰባ አዳራሽ ያለው ሆቴል አለን፤ የኔትዎርኩን ሥራ የምይዘው እኔ ነኝ። 50 ሜጋ ፋይበር፣ አንድ ማይክሮቲክ ራውተር፣ ሦስት ባለ 24 ፖርት ስዊች፣ 14 አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ)፣ 32 ካሜራ ከሁለት ዲቪአር (የካሜራ መቅጃ) ጋር፣ 18 የቢሮና የሪሴፕሽን ኮምፒውተር አለ። ባለቤቱ ካሜራውን በስልኩ እንዲያይ ራውተሩ ላይ ከኢንተርኔት ወደ ዲቪአሮቹ የሚያስገባ ፖርት (በር) ተከፍቷል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ ይሞታል። መስመሩ ደህና ነው ተብለናል። አንድ ሻጭ ጥቃት የሚለይ መሣሪያ ግዙ እያለ ይወተውተናል። እንግዛ? ካልገዛንስ ጥቃት መሆን አለመሆኑን ባለን ዕቃ እንዴት እንወቅ?»

ምላሽ፦

አሁን አይግዙ። መሣሪያው ዋጋ ስለሌለው አይደለም። ጥቃት የሚለይ ማንኛውም መሣሪያ የሚሠራው የሚያልፈውን ትራፊክ ከታወቀ የጥቃት ምልክት ጋር በማመሳሰል ወይም ከቤቱ የተለመደ ሁኔታ ጋር በማነጻጸር ነው። የሆቴላችሁ የተለመደ ሁኔታ ምን እንደሚመስል ደግሞ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በዚህ ሁኔታ የተገዛ ሣጥን በቀን ብዙ መቶ ማንቂያ ይልካል፣ በሁለተኛው ሳምንት የሚያየው ሰው ያጣል። ሥራው በቅደም ተከተል መሄድ አለበት፦ መጀመሪያ የዛሬውን ችግር ምንጭ ማግኘት፣ ቀጥሎ መቁጠር፣ ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር መመዝገብ፣ የጥቃት መለያውን መጨረሻ ላይ ማስገባት።

ዛሬ ማታ ኢንተርኔቱ ሲታፈን ራውተሩን አጥፍተው አያብሩት። የማይክሮቲክ ሎግ ካልተለወጠ በስተቀር የሚቀመጠው በጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ነው፤ ሲጠፋ እሱም፣ በዚያች ሰዓት ክፍት የነበሩት ኮኔክሽኖች ዝርዝርም አብረው ይጠፋሉ። ዊንቦክስን (የማይክሮቲክ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ይክፈቱና ፋይበሩ የገባበትን ኢንተርፌስ (መግቢያ) ይመልከቱ። ‹ቲኤክስ› የሚወጣው፣ ‹አርኤክስ› የሚገባው ነው። እንግዶች ፊልም ሲያዩ የሚሞላው የሚገባው ነው። የሚወጣው 45 ሜጋ ደርሶ የሚገባው 3 ሜጋ ላይ ከቆመ ግን ከግቢያችሁ ውስጥ አንድ ነገር ወደ ውጭ እየላከ ነው።

ከሜጋው አጠገብ በሰከንድ የሚያልፈው የፓኬት፣ ማለትም የዳታ ቁራጭ፣ ብዛት ተጽፏል። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሊዘለል አይገባም። 50 ሜጋ በትላልቅ፣ ማለትም በ1,500 ባይት ፓኬቶች ሲሞላ በሰከንድ ወደ 4,200 ፓኬት ነው። ያው 50 ሜጋ በ64 ባይት ፓኬቶች ቢሞላ ወደ 98,000 ይጠጋል። ቪዲዮ የሚጭን እንግዳ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው። ሌላ ማሽን ፍለጋ ዓለምን የሚያስስ ማልዌር (ተንኮል አዘል ሶፍትዌር) ወይም በትንንሽ ፓኬት የሚካሄድ የጎርፍ ጥቃት (መስመርን በፓኬት ብዛት ማጥለቅለቅ) ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ የራውተሩም ፕሮሰሰር 100 በመቶ የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም ራውተር የሚደክመው በባይቱ ሳይሆን በፓኬቱ ቁጥር ነው። በትላልቅ ፓኬት የሚካሄድ ጎርፍም ስላለ ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ቀጥሎ የት መፈለግ እንዳለብዎ ግን ይነግርዎታል።

አሁን በውስጥ በኩል ባለው ብሪጅ (የውስጥ ፖርቶቹን አንድ የሚያደርገው ኢንተርፌስ) ላይ ‹ቶርች› የሚባለውን የማይክሮቲክ መመልከቻ ያስነሱ። የምንጭ አድራሻ፣ የመድረሻ አድራሻ፣ ፕሮቶኮልና ፖርት እንዲያሳይ ምልክት ያድርጉና በመጠን ያስደርድሩት። ምንጩ የዲቪአሩ አድራሻ ሆኖ መድረሻው በየሰከንዱ የሚለዋወጡ በመቶ የሚቆጠሩ አድራሻዎች፣ ፖርቱም 23 ወይም 2323 ከሆነ ዲቪአሩ ተይዟል፤ ሌላ ተጠቂ እየፈለገ ነው። ምንጩ ዲቪአሩ፣ መድረሻው አንድ ብቻ፣ የፓኬቱ ብዛት ደግሞ ሰማይ የነካ ከሆነ በእናንተ መስመር ሌላ ሰው እየተመታ ነው። ምንጩ ብዙ ስልክና ላፕቶፕ፣ ፖርቱ 443 (የተመሰጠረ የድረ ገጽ ትራፊክ የሚሄድበት)፣ ፓኬቱ ትልልቅ ከሆነስ? ይህ ጥቃት አይደለም። ስልክ ማታ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ዋይፋይ ሲያገኝ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ መጠባበቂያ ይልካል። ከስብሰባ የመጡ መቶ ሰዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወደ አልጋቸው ሲሄዱ የሚሆነው ይኸው ነው። መድኃኒቱም ለእያንዳንዱ እንግዳ የሚወጣውን 2 ሜጋ ላይ የሚገድብ ‹ኪው› ነው እንጂ የጥቃት መለያ አይደለም። ሻጩ ይህን ልዩነት ሳያጣራ ሣጥን ማቅረቡ ብቻውን ሊያሳስብዎ ይገባል።

ከጻፉልኝ ውስጥ ግን በጣም የሚያጠራጥረው ለዲቪአሮቹ የተከፈተው ፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታየው ሚራይ የተባለው ማልዌር የተስፋፋው እንዲህ ከውጭ ክፍት በሆነ በር ነው፦ በቴልኔት (የቆየ የርቀት መግቢያ፣ ፖርት 23) እየዞረ ፋብሪካው የሰጠውን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ከ60 ገደማ ጥንዶች እየቀያየረ ይሞክራል። ካሜራና ዲቪአር በብዛት የወደቁት ፓስወርዳቸውን የሚቀይር ስላልነበረ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ዳይን በተባለው የአሜሪካ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) ድርጅት ላይ ትልልቅ ድረ ገጾችን ያደናቀፈውን ጥቃት ያካሄዱት እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ናቸው። የሚራይ ምንጭ ኮድ ስለተለቀቀ ከእሱ የተቀዱ ማልዌሮች እስካሁን አሉ።

ስለዚህ ዓይነቱ ማልዌር አንድ ነገር ካልታወቀ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሚራይ የሚኖረው በሜሞሪ ላይ ነው። ዲቪአሩን አጥፍተው ሲያበሩት ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱም ይለቃል፣ ሰው «ተስተካከለ» ይላል። በሩ ግን ክፍት ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይቀየር፦ መጀመሪያ ራውተሩ ላይ ወደ ዲቪአሩ የተዞረውን ፖርት ይዝጉ። ‹ዩፒኤንፒ› የሚባለው አገልግሎት በርቶ ከሆነ ያጥፉት፣ አለዚያ ዲቪአሩ ራሱ በሩን መልሶ ይከፍተዋል። ከዚያ ዲቪአሩን አጥፍተው ያብሩ፣ ወዲያው ፓስወርዱን ይቀይሩ፣ አምራቹ አዲስ ፈርምዌር (የዕቃው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ካወጣ ይጫኑ። መጨረሻ ላይ ካሜራዎቹንና ዲቪአሮቹን ለብቻቸው ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ የተለየ ኔትዎርክ) ውስጥ አስገብተው ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጡ በፋየርዎል ይከልክሉ። ባለቤቱ ካሜራውን ማየት ይፈልጋሉ፣ መብታቸውም ነው። ራውተሩ ራውተር ኦኤስ 7 ከሆነ ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) አብሮት አለ፤ በስልካቸው ላይ አንዴ ይጫንላቸው፣ ከዚያ ካሜራውን ልክ ቢሮ ውስጥ እንዳሉ ያዩታል።

ራውተሩ ራሱ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ እሱንም ዛሬ ይፈትሹ። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮቲክ ላይ በዊንቦክስ ፖርት 8291 በኩል የተጠቃሚዎችን ፓስወርድ ከውጭ ለማንበብ የሚያስችል ክፍተት ተገኝቶ በ6.42.1 ተዘግቷል። ብዙዎች ሶፍትዌሩን አሻሻሉ፣ ፓስወርዱን ግን አልቀየሩም። የተሰረቀ ቁልፍ በሩ ቢጠገንም ይከፍታል። በ2021 ሜሪስ የተባለው የጥቃት መረብ ብዙ ማይክሮቲኮችን ይዞ ሲነሳ ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው መሣሪያዎቹ በ2018 የተያዙትና ፓስወርዳቸው ያልተለወጠው ነበሩ። ‹ሲስተም› ውስጥ ‹ስኬጁለር›ንና ‹ስክሪፕት›ን ይክፈቱ፤ እርስዎ ያልጻፉት ነገር ካለ ምልክት ነው። ‹አይፒ› ውስጥ ‹ሶክስ› (የሌላ ሰው ትራፊክ በራውተሩ እንዲያልፍ የሚያደርግ) በርቶ ከተገኘ፣ የማያውቁት ተጠቃሚ፣ የማያውቁት የኤልቱቲፒ (የቪፒኤን ዓይነት) ደንበኛ ወይም የማያውቁት ቋሚ የዲኤንኤስ መስመር ካለ ራውተሩ ተይዟል። ያን ጊዜ አንድ በአንድ ለማጽዳት አይሞክሩ። ሶፍትዌሩን በ‹ኔትኢንስቶል› ከባዶ ጭነው ቅንብሩን በእጅ መልሰው ይጻፉ፤ የድሮውን መጠባበቂያ መመለስ ተባዩንም መመለስ ነው። ካልተያዘም ‹አይፒ›፣ ‹ሰርቪስ› ውስጥ ቴልኔትን፣ ኤፍቲፒን፣ ዌብንና ኤፒአይን ያጥፉ፣ ዊንቦክስን ከአስተዳዳሪው ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ እንዲቀበል ያድርጉ።

እስከዚህ ያለው የዚህ ሳምንት ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ቋሚው ክትትል ነው፣ ለእሱም አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይበቃል፦ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ሁለት የኔትዎርክ ካርድ። ሊኑክስ ይጫኑበትና ከክትትል ሶፍትዌሮች ዛቢክስን ወይም ሊብሬኤንኤምኤስን ያስገቡ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ለሦስት ስዊችና ለ14 አክሰስ ፖይንት ሊብሬኤንኤምኤስ ቶሎ ይለመዳል፤ ማንቂያውን በዝርዝር መቅረጽ ከፈለጉ ዛቢክስ ይሻላል።

እነዚህ ሶፍትዌሮች መሣሪያዎቹን የሚጠይቁት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ባለው ኤስኤንኤምፒ በተባለው ቋንቋ፣ በዩዲፒ ፖርት 161 ነው። ሥሪት 1 እና 2ሲ የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥሩ ይልካሉ፣ ቃሉም ብዙ ጊዜ ‹ፐብሊክ› ሆኖ ይቀራል። ሥሪት 3ን ይጠቀሙ። አሮጌው ስዊች ካልቻለ ቢያንስ ቃሉን ቀይረው ከክትትል ኮምፒውተሩ አድራሻ ብቻ እንዲመልስ ያድርጉ፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፍቀዱለት።

ቆጣሪዎቹ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የቆየው የባይት ቆጣሪ ባለ 32 ቢት ነው፤ 4,294,967,295 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አንድ ጊጋ መስመር ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ይህን በ34 ሰከንድ ይሞላዋል። በየ5 ደቂቃው የሚጠይቅ ሶፍትዌር በመካከሉ ስንት ጊዜ እንደዞረ አያውቅም፣ ግራፉም ይዋሻል። ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ እንዲያነብ ያድርጉ። ሁለተኛው የ5 ደቂቃ ልማድ ነው፤ ቶቢ ኦቲከር እ.ኤ.አ. በ1995 ከሠራው ኤምአርቲጂ ከተባለው የትራፊክ ግራፍ ሶፍትዌር ዘመን የመጣ ነው። 30 ሰከንድ የቆየ የ50 ሜጋ ጎርፍ በ5 ደቂቃ አማካይ ሲታይ 5 ሜጋ ብቻ ይመስላል፤ ዓይን አይስብም። የፋይበሩን ኢንተርፌስ በየ60 ሰከንዱ፣ ሌላውን በየ5 ደቂቃው ይጠይቁ።

ምን ይቆጠር? የሚገባና የሚወጣ ሜጋ፣ በሰከንድ የሚያልፍ ፓኬት፣ በየፖርቱ የተበላሸና የተጣለ ፓኬት፣ የራውተሩ ፕሮሰሰር፣ የክፍት ኮኔክሽኖች ብዛት፣ በዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች በራሱ አድራሻ የሚያድል አገልግሎት) የተሰጡ አድራሻዎች ብዛት፣ በአንድ የስዊች ፖርት ላይ የታዩ ማክ አድራሻዎች (የየመሣሪያው መለያ ቁጥር)፣ ሙቀት። ትንሽ ቆጣሪ አይናቅም፦ እ.ኤ.አ. በ1986 ሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የገባው ሰርጎ ገብ የተገኘው የላቦራቶሪው የኮምፒውተር ሠራተኛ ክሊፍ ስቶል በኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የጎደለ 75 ሳንቲም ከየት እንደመጣ ስለጠየቀ ነው።

ሙቀትን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አዳማ ሞቃት ናት፣ አቧራዋም የማራገቢያን ወንፊት ይደፍናል። ለሰርቨር ክፍል የሚመከረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተዘጋ ካቢኔ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። የጋለ ስዊች ፓኬት ይጥላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ይነሳል። ከሩቅ ሲታይ ልክ ጥቃት ይመስላል። የሙቀት ግራፍ ከትራፊኩ ግራፍ ሥር ከተቀመጠ በአንድ እይታ ይለያል።

መብራትም እንዲሁ ነው። መብራት ሲሄድ ከስዊቹ ጀርባ ያሉት አክሰስ ፖይንቶች ሁሉ በአንዴ «ሞተዋል» የሚል መልእክት ይልካሉ። ክትትሉ ላይ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ጀርባ እንዳለ ይንገሩት፣ ያን ጊዜ ስለ ስዊቹ አንድ መልእክት ብቻ ይመጣል። ማንቂያው ከመላኩ በፊት 3 ደቂቃ ይጠብቅ፤ ጄኔሬተር እስኪነሳ የሚበቃ ነው። ራውተሩ፣ ዋናው ስዊችና የክትትል ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ።

ከመብራት ጋር የሚሄድ ሌላ ጣጣ ሰዓት ነው፣ እዚህ ላይ እባክዎን ጊዜ ይስጡ። አብዛኞቹ ማይክሮቲኮች የሰዓት ባትሪ የላቸውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት እስኪያገኙ ድረስ ሎጉን እ.ኤ.አ. በ1970 ቀን ሊጽፉት ይችላሉ። የዲቪአር ባትሪም ሲያልቅ ቀኑ ይዛባል። የክትትል ኮምፒውተሩን ኤንቲፒ (ሰዓት አዳይ) ሰርቨር አድርገው ሁሉም ሰዓታቸውን ከእሱ ይውሰዱ፣ ሎጋቸውንም በዩዲፒ 514 ወደ እሱ ይላኩ። ከዚያ የእኛ አቆጣጠር አለ። ጥበቃው «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው የተቋረጠው» ሲልዎ በራውተሩ ሎግ 02:00 ነው፤ ሎጉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከተጻፈ ደግሞ 23:00 ነው፣ ያውም በፊተኛው ቀን። የተፈጸመውን የሚመዘግቡበት ደብተር ላይ ሦስቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ። ትክክለኛውን ማስረጃ በተሳሳተ ሰዓት የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም።

ቆጣሪ «ስንት» ይላል፣ «ማን» አይልም። «ማን» የሚለው ኔትፍሎው የተባለው የፍሰት መዝገብ ነው። የሲስኮ መሐንዲሶች ዳረን ኬርና ባሪ ብሩዊንስ እ.ኤ.አ. በ1996 ለፈጠራው ፓተንት ሲያመለክቱ የመጀመሪያ ዓላማው ራውተርን ማፍጠን ነበር፦ የአንድ ፍሰት የመጀመሪያ ፓኬት ሲመጣ ውሳኔውን አስታውሶ ተከታዮቹን ቶሎ ማሳለፍ። ያ የማስታወሻ ሠንጠረዥ የሚወጣ መዝገብ ሆኖ ተገኘና ዛሬ ለክትትል ከማፍጠኑ ይልቅ ይፈለጋል። እያንዳንዱ መዝገብ ማን፣ ወደ ማን፣ በየትኛው ፖርትና ፕሮቶኮል፣ ስንት ባይት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ይላል። የተነገረውን አይዝም። የስልክ ሒሳብ ዝርዝር ማለት ነው፤ ማን ለማን እንደደወለ እንጂ ምን እንዳወሩ አይገኝበትም።

ማይክሮቲክ ላይ ‹አይፒ› ውስጥ ‹ትራፊክ ፍሎው›ን ያብሩ፣ መድረሻውን የክትትል ኮምፒውተሩ አድራሻና ፖርት 2055 ያድርጉ፣ በዚያ በኩል ኤንኤፍደምፕ የተባለው ሶፍትዌር ይቀበለው። ኢንተርፌሱ የውስጡ ይሁን፤ የውጭውን ብቻ ከመረጡ ሁሉም ሰው በአንድ አድራሻ ተሸፍኖ ይመጣል። አንድ ቁጥር ደግሞ የግድ ይቀይሩ፦ ረጅም ፍሰት ሪፖርት የሚደረግበት ጊዜ ከፋብሪካው 30 ደቂቃ ነው። ለግማሽ ሰዓት ፋይል እየወጣ እርስዎ የሚያውቁት ከወጣ በኋላ ይሆናል። 1 ደቂቃ ያድርጉት።

ሁለት ሳምንት ዝም ብለው ይሰብስቡ፤ ሁለት ሳምንቱ ስብሰባ ያለበትንም የሌለበትንም ቀን ይያዝ። የኮምፒውተር ደህንነት ተመራማሪዋ ዶሮቲ ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ሞዴል የቆመበት ሐሳብ፣ ሰርጎ ገብ ሲስተሙን ባልተለመደ መንገድ መጠቀሙ አይቀርም የሚል ነው፤ ሐሳቡ የሚሠራው ግን የተለመደው በትክክል ከተመዘገበ ብቻ ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ማክሰኞ 40 መሣሪያ የነበረበት ኔትዎርክ ረቡዕ 400 ይሆናል። የሁለቱን ቀን አማካይ አንድ ላይ ከወሰዱ ረቡዕ ሁሉ ጥቃት ይሆንብዎታል፣ ማክሰኞ የሚመጣው እውነተኛ ጥቃት ደግሞ ያመልጥዎታል። ለየብቻ ይያዙ።

የስብሰባ ቀን ላይ ሳለሁ፦ 180 ተሳታፊ እያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ ቢይዝ 360 አድራሻ ይፈልጋል። /24 የሆነ የእንግዳ ኔትዎርክ 254 ብቻ አለው። አዳዲስ ስልኮች ማክ አድራሻቸውን ስለሚለዋውጡ፣ የአድራሻው ውል (አንድ መሣሪያ የተሰጠውን አድራሻ የሚይዝበት ጊዜ) 24 ሰዓት ከሆነ በጠዋቱ ሻይ ዕረፍት አድራሻ ያልቃል። ይህ አድራሻ ከሚያስጨርሰው ጥቃት ጋር አንድ ዓይነት ምልክት ነው ያለው። /22 አድርጉት፣ 1,022 አድራሻ ይኖራችኋል፤ ውሉን ወደ 2 ሰዓት ያሳጥሩ። አንድ ተሳታፊ የቤት ዋይፋይ ራውተር ይዞ መጥቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ቢሰካ ደግሞ ያ ራውተር የራሱን አድራሻ ማደል ይጀምራል፣ ግማሹ ሰው ኢንተርኔት ያጣል። ስዊቹ ላይ ‹ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ›ን ያብሩና አድራሻ መስጠት የሚፈቀደው ከራውተሩ ለሚመጣው ፖርት ብቻ ይሁን። የስዊቹ መብራቶች በሙሉ በአንድ ላይ ያለ ዕረፍት ከተርገበገቡ ደግሞ አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል ብለው ይፈልጉ፤ ‹አርኤስቲፒ› (እንዲህ ያለ ዙርን የሚከላከል የስዊች አገልግሎት) ካልጠፋ በስተቀር ስዊቹ ራሱ ይቆርጠዋል።

አሁን ወደ ጥቃት መለያው። ነፃ የሆኑ ሦስት የታወቁ አሉ፦ ማርቲን ሮሽ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ስኖርት፣ ቨርን ፓክሰን በ1995 ብሮ ብሎ የጀመረውና ዛሬ ዚክ የሚባለው፣ እና ሱሪካታ። ለእናንተ ሱሪካታን እመርጣለሁ፤ የፕሮሰሰሩን ኮሮች ሁሉ አብሮ ያሠራል፣ ነፃ የሕግ ስብስቡም (ሕግ ማለት የአንድ ጥቃት ምልክት የተጻፈበት መስመር ነው) በየቀኑ ይታደሳል። ዚክ የሚሰጠው መዝገብ የበለጠ ሀብታም ነው፣ ግን ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል።

የሚቀመጥበት ቦታ ከምርጫው ይበልጣል። ከራውተሩ ውጭ ካደረጉት ኢንተርኔት ቀኑን ሙሉ የሚያንኳኳውን በር ሁሉ ይቆጥራል፣ ማን እንደተያዘ ግን አይነግርም። ከራውተሩ በስተውስጥ፣ ዋናው ስዊች ላይ ወደ ራውተሩ የሚሄደውን ፖርት ‹ሚረር› አድርገው (የትራፊኩ ቅጂ ወደ ሌላ ፖርት እንዲሄድ) የኮምፒውተሩን ሁለተኛ ካርድ እዚያ ይሰኩ። ለዚያ ካርድ አይፒ አድራሻ አይስጡት። ሁሉንም 24 ፖርት ወደ አንድ ፖርት አይገልብጡ፤ አንድ ባለ 1 ጊጋ ፖርት እንኳ የሚገባና የሚወጣው ሲደመር 2 ጊጋ ስለሚሆን የተረፈው በዝምታ ይጣላል። በአንድ ስዊች ላይ ካለ ኮምፒውተር ወደ ጎረቤቱ የሚሄድ ትራፊክ በዚህ ፖርት እንደማያልፍም ይወቁ። ካርዱ ላይ ፓኬቶችን የሚያጣምሩትን ‹ጂአርኦ› እና ‹ኤልአርኦ› ያጥፉ፣ አለዚያ ሱሪካታ የሚያየው በመስመሩ ላይ ያለፈውን አይሆንም። ‹ሆም ኔት› የሚለው ቦታ ላይ የእናንተን ኔትዎርኮች ብቻ ይጻፉ። ከዚያ የተጣሉ ፓኬቶችን ቆጣሪ ይዩ፤ ከ1 በመቶ ካለፈ ማንቂያ አለመምጣቱ ሰላም መሆኑን አያሳይም። መሥራቱን ለመፈተን የሱሪካታ መመሪያ ላይ ያለውን የሙከራ ገጽ ከአንድ ኮምፒውተር ይክፈቱ፤ ቁጥር 2100498 የሆነው ሕግ መጮህ አለበት።

ስንት ማንቂያ ይጠብቁ? እናስላው። በቀን 1,000,000 ፍሰት ያልፋል፣ ከዚያ ውስጥ 20ው ጥቃት ነው እንበል። መለያው ሃያውንም ይይዛል፣ ከደህናው ውስጥ የሚሳሳተው ከሺህ አንዱን ብቻ ነው እንበል። ይህ በጣም ጥሩ መለያ ነው። ያም ሆኖ ወደ 1,000 የሐሰት ማንቂያ ይመጣል፣ ከ51 ማንቂያ እውነቱ አንድ ብቻ ይሆናል። በስዊድን ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ስቴፋን አክሰልሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1999 በስሌት አሳይቶታል፣ ምንም ዓይነት ብራንድ አያመልጠውም። ስለዚህ ከተጫኑት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕጎች አብዛኛውን ያጥፉ። እናንተ ዘንድ የሌለ ሰርቨርን የሚጠብቅ ሕግ ምን ያደርጋል? ዒላማዎ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያነበው በቀን ከ10 ያልበለጠ ማንቂያ ይሁን።

በእነሱ ፈንታ ሦስት የራስዎን ሕግ ይጻፉ። ከካሜራ ቪላን ወደ ማንኛውም የውጭ አድራሻ ፓኬት ከወጣ ይጩህ። ከማንኛውም የውስጥ አድራሻ ወደ ውጭ ፖርት 23፣ 2323 ወይም 445 (የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ) ከተሞከረ ይጩህ። ሦስተኛው ማጥመጃ ነው፦ በቢሮው ኔትዎርክ ላይ ለማንም ያልተሰጠ አንድ አድራሻ ይምረጡ፣ ኦፕንካናሪ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ በዚያ አድራሻ ያስቀምጡ። ማንም ሊነካው ምክንያት ስለሌለው የነካው ሁሉ መጠየቅ አለበት። የተጫነው የሕግ ስብስብ ሁሉ ከሚያገኘው ይበልጥ እነዚህ ሦስቱ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም የእናንተን ቤት የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

አብዛኛው ትራፊክ ዛሬ የተመሰጠረ ስለሆነ ሱሪካታ ውስጡን አያይም። የሚያየው ብዙ ጊዜ የድረ ገጹን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን ነው። አንድ የቢሮ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ በየ60 ሰከንዱ ሳያዛንፍ ወደ አንድ የማይታወቅ አድራሻ ቢደውል ውስጡን ማንበብ አያስፈልግም። ለጊዜው እንዲያግድ ግን አይፍቀዱለት፤ ይመልከት ብቻ። በሐሰት ማንቂያ የሪሴፕሽኑ ክፍያ ቢቆረጥ ጉዳቱ ከብዙ ጥቃት ይበልጣል።

የተያዘ ኮምፒውተር ካገኙ የኔትዎርክ ኬብሉን ይንቀሉ እንጂ ኮምፒውተሩን አያጥፉት፤ ሜሞሪው ውስጥ ያለው ማስረጃ ነው። ሎጉንና የፍሰት መዝገቡን ገልብጠው ያስቀምጡ፣ ከዚያ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ያሳውቁ። የእንግዶችን ግንኙነት ይዘት ግን አይቅዱ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ግንኙነትን መጥለፍ ያስቀጣል፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። የፍሰት መዝገብ ለ90 ቀን ይቀመጥ፣ በዋይፋይ መግቢያው ገጽ ላይም ለደህንነት ሲባል የትራፊክ መዝገብ እንደሚያዝ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ይታይ።

ሻጩ ተመልሶ ከመጣ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ፍተሻው ሁሉ በርቶ ስንት ሜጋ ያሳልፋል፤ ብሮሹሩ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ፍተሻው ጠፍቶ የተለካ ነውና። የዓመት ፈቃዱ ሲያልቅ መሥራቱን ይቀጥላል ወይስ ኢንተርኔቱንም ይዘጋል? እድሳቱ የሚከፈለው በብር ነው በዶላር? ከአዳራሹ ወደ ሪሴፕሽን ኮምፒውተር የሚሄደውን ትራፊክ ያያል ወይስ የፋይበሩን ብቻ?

ዛሬ ማታ ከቶርች የላይኛዎቹን አሥር መስመሮች፣ የፋይበሩን ኢንተርፌስ ሜጋና ፓኬት፣ የራውተሩን ሞዴልና የራውተር ኦኤስ ሥሪት ይዘው ይመለሱ፤ የሕዝብ አይፒ አድራሻችሁንና ፓስወርዶቹን ከምስሉ ላይ ደምስሰው ይላኩ።